የኤሌክትሮን አክሰለሬተርን ኢነርጂ መለዋወጥ፦ ከ18 ወደ 6 ለመውረድ ማይክሮዌቩን መቀነስ ለምን አይበቃም?

ጣና ዳር (ጥያቄውን የከፈተው)

ሰላም ለመድረኩ ተሳታፊዎች። የሕክምና ፊዚክስ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነኝ። በክፍል የማቀርበው ጽሑፍ ካንሰርን በጨረር ስለሚያክመው ሊኒየር አክሰለሬተር፣ በተለምዶ ሊናክ ስለምንለው ማሽን ነው። አንድ ነገር ግን አልገባኝ ብሏል።

ይህ ማሽን በአንድ የመዳብ ቱቦ ውስጥ 6፣ 9፣ 12፣ 15 እና 18 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት (ከዚህ በኋላ ሜኤቮ እላለሁ) ያላቸውን ኤሌክትሮኖች ያወጣል። ባለሙያው ከኮምፒውተሩ ይመርጣል፣ ማሽኑ ይታዘዛል። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለረዥም ዓመታት ያገለገለው የኮባልት-60 ማሽን እንዲህ ያለ ምርጫ አልነበረውም። ተፈጥሮ የሰጠችው 1.17 እና 1.33 ሜኤቮ የሆኑ ሁለት የጋማ ጨረሮች ብቻ ነበሩት፤ የሚነካካ ነገር የለውም።

መጽሐፉ እንደሚለው ኤሌክትሮኑ የሚያገኘው ኢነርጂ በቱቦው ውስጥ የሚገፋውን የማይክሮዌቭ ኃይል ዳግም ዘር ተከትሎ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። እንግዲያው ከ18 ወደ 6 ለመውረድ፣ ማለትም ኢነርጂውን ሲሶ ለማድረግ፣ ኃይሉን አንድ ዘጠነኛ ማድረግ ይበቃ ነበር። መምህሬን ስጠይቃቸው «እንዲህ ቢቀል ኖሮ ማን ይቸገር ነበር» ብለው ወደ ሌላ ርዕስ አለፉ። ችግሩ የት ላይ ነው?


የኋላ ወንበር

ቀመሩ እኮ ግልጽ ነው። ኃይሉ ሲቀንስ ኢነርጂው ይቀንሳል። የማይክሮዌቩን ምንጭ፣ ክላይስትሮኑን፣ ወደ ዘጠነኛ እጁ ማውረድ የሚያቅተው መሐንዲስ ካለ ይንገረን። መምህርህ የክፍለ ጊዜው ደወል ደርሶባቸው ይሆናል እንጂ ምስጢር ያለው ነገር አይመስለኝም።


የመዳብ ክፍል

ቀመሩ ልክ ነው። የሚሠራበት ቦታ ግን ሙሉው ቱቦ አይደለም።

እንጀራዬ እነዚህን ማሽኖች መጠገን ነው፤ የምሠራውም በጀርመን አገር ሆስፒታሎች ውስጥ ነው። ስለዚህ ከመጽሐፉ ይልቅ ከብረቱ ልጀምር። ዘመኑን የጨረሰ ቱቦ ለሁለት ተሰንጥቆ ሲታይ ውስጡ በተርታ የተደረደሩ የመዳብ ክፍሎች ናቸው፤ በሁሉም መሐል ኤሌክትሮኑ የሚያልፍበት ቀዳዳ አለ። ከመሐል እስከ መጨረሻ ያሉት ክፍሎች ርዝመታቸው እኩል ነው። መግቢያው ላይ ያሉት ግን አጠር አጠር ያሉ ናቸው። የጥያቄህ መልስ ያለው እዚያ ማጠር ላይ ነው።

ማይክሮዌቩ በ2,856 ሜጋኸርዝ ሲወዛወዝ የሞገዱ ርዝመት 10.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። በብርሃን ፍጥነት የሚጓዝ ኤሌክትሮን በግማሽ ውዝዋዜ 5.25 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል፤ የመደበኛው ክፍል ርዝመትም ይኸው ነው። ኤሌክትሮኑ አንዱን ክፍል ጨርሶ ወደ ቀጣዩ ሲገባ የሚገፋው የማይክሮዌቩ የኤሌክትሪክ መስክም አቅጣጫውን ቀይሮ ስለሚጠብቀው ግፊቱ ሁልጊዜ ወደ ፊት ይሆናል። አሁን ደግሞ ከምንጩ ገና የወጣውን ኤሌክትሮን እንመልከት። በ25 ኪሎ ቮልት ተገፍቶ ሲገባ ፍጥነቱ ከብርሃን ፍጥነት 30 በመቶ ብቻ ነው። 0.5 ሜኤቮ ሲደርስ 86 በመቶ፣ 1 ሜኤቮ ሲደርስ 94 በመቶ፣ 6 ሜኤቮ ሲደርስ 99.7 በመቶ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ ኢነርጂ ይጨምራል እንጂ ፍጥነት የሚጨምርበት ቦታ አይኖረውም። በሰዓቱ የመድረስና የመዘግየት ጉዳይ የሚወሰነው እንግዲህ በእነዚያ ጥቂት አጫጭር ክፍሎች ውስጥ ነው።

አጫጭሮቹ ክፍሎች የተለኩት መስኩ ይህን ያህል ብርታት አለው በሚል አንድ ግምት ላይ ነው። መስኩን ሲሶ ስታደርገው ኤሌክትሮኑ ከመጀመሪያው ክፍል የሚወጣው ከታሰበው በታች በሆነ ፍጥነት ነው፤ ሁለተኛው ጋ ሲደርስ መስኩ መዞር ጀምሯል፤ ሦስተኛው ጋ ጭራሹን ጊዜው አልፏል። ከፊሉ ወደ ኋላ ተገፍቶ የራሱን ምንጭ ይደበድባል። ከቱቦው ጫፍ የሚወጣው ደግሞ ንጹሕ 6 ሜኤቮ ሳይሆን ከዚያ በታች የተዝረከረከ ቅልቅል ነው፤ ብዛቱም ያሽቆለቁላል።

ስለዚህ የመግቢያው መስክ በ6ም በ18ም ያው መሆን አለበት። የሚለወጠው ከዚያ ወዲያ ያለው ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ ይህን ለማሳካት የተፈለሰፈ ዘዴ ነው። ከ18 ወደ 15 ለመውረድ ብቻ ከሆነ ግን የኋላ ወንበር እንዳለው ኃይሉን ዝቅ ማድረግ ይቻላል፤ ማሽኑ ያንን ይታገሣል።


ጣና ዳር

በጣም አመሰግናለሁ፤ አጫጭሮቹን ክፍሎች በሥዕል ላይ አይቻቸው ምክንያታቸውን ሳልጠይቅ አልፌ ነበር። ታዲያ ቱቦውን ለሁለት ብንከፍለውስ? የመጀመሪያው ዘወትር 6 ሜኤቮ ይሰጣል። ሁለተኛው እስከ 12 ይጨምራል። ዝቅ ያለ ኢነርጂ ሲፈለግ የሁለተኛውን ሞገድ ፌዝ፣ ማለትም ጫፉ ላይ የሚደርስበትን ቅጽበት፣ ማንሸራተት ነው፤ ኤሌክትሮኖቹ ከሞገዱ ጫፍ ላይ ሳይሆን ከቁልቁለቱ ላይ ይደርሳሉ፤ የሚያገኙትም ያንሳል።


ሰማያዊ እስክርቢቶ

ይሠራል። በትልልቆቹ የምርምር ማሽኖች የዕለት ተዕለት ሥራ ነው። ለሕክምና ሊናክ ግን መጥፎ ምርጫ ነው፤ ለምን እንደሆነ በቁጥር ላሳይህ።

ኤሌክትሮኖች የሚጓዙት በዘለላ ነው። የሊናኩ ዘለላ በሞገዱ ላይ ከፊትም ከኋላም 10 ዲግሪ ያህል ተዘርግቷል እንበል። የዘለላው መሐል የሞገዱ ጫፍ ላይ ሲሆን መሐሉ 100 በመቶ፣ ዳርና ዳሩ 98.5 በመቶ ያገኛሉ። ልዩነቱ አንድ ተኩል በመቶ ነው፤ ማንንም አያስጨንቅም። አሁን ግማሹን ብቻ እንዲያገኙ ፌዙን 60 ዲግሪ አንሸራትተው። የአንዱ ዳር 50 ዲግሪ ላይ ይውላል፣ የሌላው 70 ላይ። አንዱ 64 በመቶ ያገኛል፣ ሌላው 34። ከሁለተኛው ክፍል 6 ሜኤቮ ጠብቀህ 4.1 እና 7.7 ይሰጥሃል። ከመጀመሪያው 6 ጋር ሲደመር 12 ያልከው ጨረር ከ10.1 እስከ 13.7 ተበትኖ ይወጣል። ማሽኑ የሚያሳልፈው ደግሞ ከተመረጠው ኢነርጂ ከ3 በመቶ ግድም በላይ ያልራቀውን ብቻ ስለሆነ አብዛኛው ግድግዳ ላይ ይቀራል።

ይባስ ብሎ ሁለተኛው ክፍል ምንም አይጨምርብኝ ብለህ 90 ዲግሪ ላይ ብታደርሰው መሐሉ 6 ሆኖ ዳርና ዳሩ 4 እና 8 ይሆናሉ። የምርምር ማሽኖቹ የሚተርፉት ዘለላቸው ከአንድ ዲግሪ በታች ስለሆነ ነው። እንዲያውም ይህንኑ ልዩነት ሆን ብለው ፈጥረው ዘለላውን ይበልጥ ለማጥበብ ይጠቀሙበታል።


የመዳብ ክፍል

ሰማያዊ እስክርቢቶ ነገሩን አሳጠረችልኝ። የቀረው መንገድ ፌዙን ሳይነኩ የመስኩን ብርታት ከአንድ ቦታ ወዲያ ብቻ መቀነስ ነው።

በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ሎስ አላሞስ የነበሩ ተመራማሪዎች ለፕሮቶን አክሰለሬተር ብለው አንድ ቅርጽ አወጡ። በዋናዎቹ ክፍሎች መካከል ኃይል የሚያስተላልፉትን ክፍሎች ከመንገዱ አውጥተው ከጎን ለጠፏቸው። በዚህ ዘዴ ቱቦው ያጥራል፣ ኤሌክትሮኑም በማይገፋው ክፍል ውስጥ መንገድ አያባክንም። የሕክምና ማሽን ሠሪዎች ቅርጹን ወዲያው ወሰዱት።

የጎን ክፍሎቹ በራሳቸው መስክ የላቸውም ማለት ይቻላል፤ ሥራቸው ማቀበል ነው። እያንዳንዱ የጎን ክፍል በግራና በቀኝ ካሉት ሁለት ዋና ክፍሎች ጋር በቀዳዳ ይገናኛል። ቁም ነገሩ ያለው እዚህ ነው፦ የሁለቱ ዋና ክፍሎች መስክ ንጽጽር የሚወሰነው በሁለቱ ቀዳዳዎች የማስተላለፍ ብርታት ንጽጽር ነው። እኩል ሲሆኑ መስኩ እኩል ነው። አንድ የጎን ክፍል መርጠህ በውስጡ የብረት ዘንግ ወደ አንድ ወገን ብታስገባ ሚዛኑ ያጋድላል፤ ከዚያ ክፍል በፊት ያለው መስክ እንደነበረ ሆኖ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይዳከማል። ፌዙ አይነካም። መግቢያው ላይ ያሉት አጫጭር ክፍሎችም ምንም እንደተለወጠ አያውቁም።

ይህ ነው የኢነርጂ መቀየሪያ የሚባለው። ዘንጉ የሚንቀሳቀሰው በቫክዩም ውስጥ ስለሆነ ከውጭ የሚገፋው ነገር በተጣጣፊ የብረት ቱቦ ተለይቶ መታሸግ አለበት። የማሽኑ ሽፋን ተነሥቶ ኢነርጂ ሲቀየር የዘንጉ ጫፍ ሲገባና ሲወጣ በዓይን ይታያል። በሚሊዮን ዶላሮች የሚገዛ ማሽን ውስጥ 6 ሆነ 15 የሚባለው በዚያች ዘንግ ነው። ዘንጉ የሚሰጠው ጥቂት ደረጃዎችን ነው፤ በመካከል ያሉትን የምናገኘው ኃይሉን በመጠኑ በመነካካት ነው።

ሁሉም ሠሪ ግን በዚህ መንገድ አልሄደም። ተጓዥ ሞገድ፣ ማለትም ባለበት የሚወዛወዝ ሳይሆን በቱቦው ውስጥ ወደ ፊት የሚሄድ ሞገድ፣ የሚጠቀሙት ማሽኖች መቀየሪያ ዘንግ የላቸውም፤ የማይክሮዌቩን ኃይልና ከምንጩ የሚወጣውን የኤሌክትሮን ብዛት አብረው ያስተካክላሉ።


የኋላ ወንበር

እሺ ስለ አጫጭሮቹ ክፍሎች ተረትቻለሁ። የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ግን አልተዋጠችልኝም። የኤሌክትሮኑ ብዛት ከኢነርጂው ጋር ምን አገናኘው? እያንዳንዱ ኤሌክትሮን የሚገፋው በመስኩ ነው። አንድ ሆኑ ሚሊዮን ሆኑ ግፊቱ ያው አይደለም?


ሰማያዊ እስክርቢቶ

መስኩ ከየት እንደሚመጣ ብታስብ ይገባሃል። በቱቦው ውስጥ በየቅጽበቱ የተከማቸው ኢነርጂ የተወሰነ ነው፤ ኤሌክትሮኖቹ የሚወስዱትም ከዚያው ነው። በአንድ መሶብ ዙሪያ ተመጋቢ ሲበዛ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ያንሳል። ብዛቱ በጨመረ ቁጥር ኢነርጂው ቀጥ ባለ መስመር ይወርዳል።

ይህ ደግሞ ጥቃቅን ማስተካከያ እንዳይመስልህ። ሊናኩ ኤክስሬይ ሲሠራ ኤሌክትሮኖቹ የብረት ኢላማ ይመታሉ፤ ከኢነርጂያቸው ውስጥ ለሕክምና የሚውል ኤክስሬይ የሚሆነው ጥቂቱ ስለሆነ ብዙ ኤሌክትሮን ያስፈልጋል። በኤሌክትሮን ሕክምና ጊዜ ግን ኢላማው ይወጣና ኤሌክትሮኖቹ ራሳቸው ወደ ታማሚው ይሄዳሉ፤ ያኔ ከመቶ እጥፍ በላይ ያነሰ ይበቃል። ስለዚህ ማይክሮዌቩን ሳትነካ ከኤክስሬይ ወደ ኤሌክትሮን ብትዞር፣ የሚበላው ስለጠፋ እያንዳንዱ ኤሌክትሮን ከፍ ባለ ኢነርጂ ይወጣል። ሁለቱ የአሠራር ዓይነቶች ለየብቻ የሚስተካከሉት ለዚህ ነው።

በወደብ ላይ ኮንቴይነር የሚፈትሹ አክሰለሬተሮች ይህን ባሕርይ መሣሪያ አድርገውታል። በሴኮንድ በመቶዎች የሚቆጠሩ ምቶች ይለቃሉ፤ አንዱ ምት ለምሳሌ በ6፣ ቀጣዩ በ4 ሜኤቮ እየተፈራረቀ። በመካከል ዘንግ ለማንቀሳቀስ ጊዜ የለም፤ የሚቻለው የኤሌክትሮኑን ብዛት ወይም የማይክሮዌቩን ኃይል በየምቱ መለዋወጥ ነው። ከፍተኛው ኢነርጂ በከባድ ንጥረ ነገሮች ላይ የተለየ አሻራ ስላለው ሁለቱን ምስሎች በማነጻጸር ኮንቴይነሩ ውስጥ ያለው ብረት ይሁን ፕላስቲክ ይለያል።


ብሎን እና ቁልፍ

ልጆች፣ ስለ ቱቦው ጥሩ ጽፋችኋል። ግን ጨረሩ ከቱቦው ወጥቶ ታማሚው ጋ እስኪደርስ ያለውን መንገድ ማን ሊያወራ ነው? እኔ ጡረታ እስክወጣ በሙሉ የማግኔት ሰው ነበርኩ።

በትልቁ ሊናክ ውስጥ ቱቦው አግድም ነው የሚተኛው፤ ጨረሩ ወደ ታች መታጠፍ አለበት። የሚታጠፈውም 90 ዲግሪ ሳይሆን 270 ዲግሪ ዞሮ ነው። ይህ ዙሪያ ጥምጥም የተመረጠው በኢነርጂያቸው ጥቂት የሚለያዩ ኤሌክትሮኖች ሁሉ በአንድ ነጥብ ላይ እንዲያርፉ ስለሚያደርግ ነው። በመንገዱ ላይ ያለው ስንጥቅ ደግሞ ከ3 በመቶ በላይ የራቁትን ያስቀራል።

ማግኔቱ የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፤ የኤሌክትሮኑን ሞመንተም። በ10 ሴንቲ ሜትር ራዲየስ ለማጠፍ 18 ሜኤቮ 0.62 ቴስላ ያህል ይፈልጋል፤ 6 ሜኤቮ 0.22። ኢነርጂ ስትቀይር ይህን ሁሉ መንገድ መውረድ አለብህ። ብረት ደግሞ የቀደመውን መግነጢስ በቶሎ አይለቅም፤ በአንድ ዓይነት የኤሌክትሪክ መጠን ከላይ ወርደህና ከታች ወጥተህ ስትደርስ የምታገኘው መስክ እኩል አይደለም። ስለዚህ ሁልጊዜ ከአንድ አቅጣጫ ነው የሚደረሰው፤ ለዚያም ጊዜ ይወስዳል።

ጊዜ ይወስዳል የምላት ነገር የሰው ሕይወት በልታለች። ቴራክ-25 የሚባለውን የካናዳ ማሽን ታሪክ ወጣቶቹ ሳትሰሙ አትቀሩም። ከ5 እስከ 25 ሜኤቮ የሚሠራ፣ ጨረሩን በአንድ ቱቦ ሁለት ጊዜ የሚያሳልፍ ብልጥ ንድፍ ነበረው። ከ1985 እስከ 1987 (እ.ኤ.አ.) ስድስት ታማሚዎች ከመጠን ያለፈ ጨረር ተቀበሉ፤ የሞቱም አሉ። በ1986 በቴክሳስ ታይለር የደረሰው ይኸውላችሁ፦ ባለሙያዋ በኤሌክትሮን ፈንታ ኤክስሬይ ብላ ጻፈች፤ ወዲያው ተመልሳ አረመችው። ማጠፊያ ማግኔቶቹ ቦታቸውን ለመያዝ 8 ሴኮንድ ያህል ይፈልጋሉ። እርማቱ በዚያች ጊዜ ውስጥ ስለገባ ፕሮግራሙ አላየውም። ስክሪኑ ኤሌክትሮን ይላል፤ ከቱቦው የሚወጣው ግን ለኤክስሬይ የተዘጋጀው፣ ሰማያዊ እስክርቢቶ እንዳለችው ከመቶ እጥፍ በላይ የበዛው ጨረር ነው፤ ኢላማውም ጨረሩን በእኩል የሚያሰራጨው ማለሳለሻም በመንገዱ ላይ የሉም። ከእርሱ በፊት በነበረው ቴራክ-20 ላይ ይህን የሚያግድ የብረትና የሽቦ መቆለፊያ ነበር። በ25ቱ ላይ ሶፍትዌሩ ይበቃል ብለው አወጡት። እስከ ዛሬ ያናድደኛል።


ጣና ዳር

ጋሽ ብሎን፣ ስለ 8 ሴኮንዷ ያነበብኩት እንደ ፕሮግራም ስህተት ብቻ ነበር። ከማግኔቱ ጋር ሲያያዝ ሌላ መልክ አለው። በጽሑፌ ውስጥ አስገባዋለሁ።


ሐኪሟ

ከፊዚክሱ ራቅ ብዬ፣ እኛ ይህን ሁሉ ምርጫ ምን እንደምናደርገው ልንገራችሁ። ኤሌክትሮን በሰውነት ውስጥ በየሴንቲ ሜትሩ 2 ሜኤቮ ያህል ይከፍላል። 6 ሜኤቮ 3 ሴንቲ ሜትር፣ 12 ሜኤቮ 6 ሴንቲ ሜትር ሄዶ ይቆማል። ዶዙ፣ ማለትም ሰውነት የሚቀበለው የጨረር መጠን፣ ከከፍተኛው 90 በመቶ የሚሆንበትን ጥልቀት ስንገምት ኢነርጂውን ለ3.2 እናካፍላለን፤ በ9 ሜኤቮ 2.8 ሴንቲ ሜትር፣ በ12 ደግሞ 3.75 ይሆናል።

ጡቷ የተነሣላት ሴት የደረት ግድግዳ ላይ ስንሠራ የምንፈልገው ይህንኑ ነው። ቆዳውና ሥጋው ይታከም፣ ከጎድን አጥንቱ ጀርባ ያለው ሳንባ ይትረፍ። ቀጭን ታማሚ ላይ 12 መምረጥ ሳንባውን መጥበስ ነው፤ ወፍራም ታማሚ ላይ 6 መምረጥ ዕጢውን ጥሎ መምጣት ነው። ኤክስሬይ እንዲህ ቀጥ ብሎ የሚቆምበት ድንበር የለውም።


የኋላ ወንበር

ሐኪሟ፣ ለኤሌክትሮኑ እሺ። ለኤክስሬይ ግን አሁን የሚገዙ ብዙ ማሽኖች 6 ሜጋቮልት (በ6 ሜኤቮ ኤሌክትሮን የሚሠራ ኤክስሬይ) ብቻ አላቸው ሲባል እሰማለሁ። እንዲያ ከሆነ ይህ ሁሉ ዘንግና ማግኔት የሚረባው ለማን ነው?


ሐኪሟ

የሚረባው ወፍራም ሰው ዳሌ ውስጥ ላለ ዕጢ ነው። ሆኖም ክርክርህ ከንቱ አይደለም። ጨረሩን ከብዙ አቅጣጫ እየቀረጹ መስጠት ከተለመደ ወዲህ 6 ሜጋቮልት ለአብዛኛው ታማሚ ይበቃል። ከ10 በላይ ሲኬድ ደግሞ ኤክስሬዩ በማሽኑ ራስ ውስጥ ካለው ከባድ ብረት ኒውትሮን መፈልቀቅ ይጀምራል፤ የክፍሉ በር ቦሮን ባለው ፕላስቲክ መሸፈን አለበት፤ ክፍሉም ይወደዳል። የጥገና ባለሙያ በቅርብ በማይገኝበት አገር አዲስ ማዕከል ሲከፈት እኔን ቢያማክሩኝ የመጀመሪያው ማሽን ቀለል ያለ፣ ሁለተኛው ባለ ብዙ ኢነርጂ ይሁን እላለሁ። ሁለቱንም ውስብስብ አድርጎ ገዝቶ ሁለቱም ሲቆሙ ማየት ያማል።


ፍልውሃ

ሁላችሁም ስለ ቀጥታ ቱቦ ነው የምታወሩት። የኔ ፍቅር ሬስትራክ ማይክሮትሮን ነው። እርሱ ይህን ጥያቄ ከሥሩ ይነቅለዋል፤ የማፋጠኛው መስክ ፈጽሞ አይለወጥም፣ የሚለወጠው የዙሩ ብዛት ነው። በሁለት ትልልቅ ማግኔቶች መካከል አጭር ሊናክ ይቀመጣል፤ ኤሌክትሮኑ እየዞረ በዚያው ደጋግሞ ያልፋል፤ በዞረ ቁጥር መንገዱ ይሰፋል። የፈለግህበት ዙር ላይ ትንሽ ማግኔት አድርገህ ታወጣዋለህ።

በጀርመን ማይንትስ ያለው ማሚ የሚባለው ማሽን ሦስተኛው ማይክሮትሮን በየዙሩ 7.5 ሜኤቮ እየጨመረ 90 ዙር ያዞራል። ጨረሩ በየሁለት ዙሩ ሊወጣ ስለሚችል ከ180 እስከ 855 ሜኤቮ በ15 ሜኤቮ ደረጃ ይመረጣል። በአሜሪካ ጄፈርሰን ላብ ያለው ደግሞ በየዙሩ 2.2 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት እየጨመረ ለተለያዩ የሙከራ አዳራሾች የተለያየ ኢነርጂ በአንድ ጊዜ ያድላል፤ አምስት ዙር ተኩል የሄደው 12 ይደርሳል።


ሰማያዊ እስክርቢቶ

ውበቱን አልክድም፣ ግን ደረጃ በደረጃ ነው፤ በመካከል ያለውን ልሥጥህ ብትለው እንቢ ይላል። ኢነርጂን ቀጣይ በሆነ መንገድ መለወጥ ምን እንደሚያስገኝ ማየት ከፈለግህ ወደ ካሊፎርኒያ ሂድ። ስላክ በሚባለው የምርምር ማዕከል ያለው ኤክስሬይ ሌዘር በ2009 (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ሲበራ ኤሌክትሮኖቹ 13.6 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት ነበሩ፤ የወጣው ብርሃን 0.15 ናኖ ሜትር። የማግኔቶቹ ረድፍ የማይንቀሳቀስ ስለነበር የብርሃኑን ርዝመት ለመለወጥ የነበረው ዋና መንገድ የኤሌክትሮኑን ኢነርጂ መለወጥ ነበር። ርዝመቱ በኢነርጂው ዳግም ርቢ ስለሚቀንስ፣ ወደ 4.3 ስታወርደው ብርሃኑ አሥር እጥፍ ረዝሞ 1.5 ናኖ ሜትር ይሆናል። ያኔ በዚያ ማሽን ላይ ኢነርጂ ማለት የብርሃኑ ቀለም ማለት ነበር።


ፍልውሃ

ቀለም ካነሣሽ፣ ማንም ሳይነካው ኢነርጂው ስለተለወጠ ማሽንም ልጨምር። በጄኔቭ የነበረው 27 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ያለው ክብ የኤሌክትሮን አክሰለሬተር ሌፕ፣ በጨረቃ ስበት ምክንያት ምድር ስትለጠጥ ዙሪያው አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ይለወጥ ነበር። ያቺ ሚሊ ሜትር በ45 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት ላይ ወደ 10 ሜኤቮ የሚጠጋ ለውጥ ታመጣለች። በኋላም ከጄኔቭ ወደ ፓሪስ የሚሄደው ፈጣን ባቡር በሐዲዱ የሚያፈሰው ኤሌክትሪክ ማግኔቶቹን እንደሚነካ ተገኘ።


አወያይ

ጨረቃና ባቡር ደርሰናል። ደስ ይላል፣ ግን ለሌፕ የተለየ ክር ብትከፍቱ ይሻላል። ጣና ዳር፣ የቀረህ ጥያቄ አለ?


ጣና ዳር

አንድ ብቻ። መቀየሪያው ዘንግ በትክክል ባይገባ፣ ወይም ኃይሉ ትንሽ ቢዛባ፣ ከውጭ ሆኖ እንዴት ይታወቃል? ማሽኑን ከፍቶ ማየት የማይችል የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያ ምን ይለካል?


የመዳብ ክፍል

ትልቅ ስህተት ራሱን ያጋልጣል። ማግኔቱ ለ6 ተዘጋጅቶ ጨረሩ 8 ሆኖ ቢመጣ ስንጥቁን አያልፍም፤ የዶዝ ፍጥነቱ ያሽቆለቁላል፣ ማሽኑም ይቆማል። የሚያሳስበው በስንጥቁ ውስጥ የሚያልፈው ትንሽ መዛባት ነው።

ለኤሌክትሮን ውሃ ያለበት ገንዳ አምጣና ዶዙ በግማሽ የሚወርድበትን ጥልቀት ፈልግ። ያንን በሴንቲ ሜትር ለክተህ በ2.33 ስታባዛው ገንዳው ገጽ ላይ ያለው አማካይ ኢነርጂ ይወጣል፤ 5.0 ሴንቲ ሜትር ካገኘህ 11.65 ሜኤቮ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ፈቀቅ ማለት ወደ 0.23 ሜኤቮ ነው፤ ስለዚህ የውሃውን ከፍታ ስትለካ አትቸኩል። ለኤክስሬይ 10 በ10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው የጨረር መስክ፣ የውሃውን ገጽ ከምንጩ 100 ሴንቲ ሜትር ላይ አድርገህ፣ 10 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ያለውን ዶዝ ከከፍተኛው ጋር አነጻጽር። ለ6 ሜጋቮልት 67 በመቶ ገደማ፣ ለ15 ደግሞ 77 ገደማ ትጠብቃለህ።

ኢነርጂ እንደቀየርክ ወዲያው ግን አትለካ። መዳቡ የሚሞቀው በሚገባበት ኃይል ልክ ነው፤ በአንድ ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ለውጥ ቱቦው የሚወዛወዝበት ድግግሞሽ 50 ኪሎኸርዝ ገደማ ይንሸራተታል። ማሽኑ ይህን ራሱ ተከታትሎ ያስተካክላል፤ ማቀዝቀዣ ውሃውም ይረጋጋል፤ ግን ጥቂት ጊዜ ይፈልጋል።


ብሎን እና ቁልፍ

ማግኔቱም እንዲሁ። ከ18 ወደ 6 ወርደህ የለካኸውንና ከጠዋት ጀምሮ በ6 ሲሠራ የዋለውን ለየብቻ መዝግብ። ሁለቱ ካልተገናኙ መጀመሪያ የማግኔቱን የኤሌክትሪክ መስጫ እይ፣ ቱቦውን ከመጠርጠርህ በፊት።